ከአንድ ሳህን

«‹ወይ እኔን ምረጪ ወይ አይጧን› አላት፤ እሷ ደግሞ አይጧን መረጠች።»

አክስት ይህን ወሬ የምታወራው ከደረጃው ሥር ቆማ ነው። ከዚያ ቦታ የተወራ ነገር ወደ ላይም ወደ ጓዳም እኩል እንደሚደርስ ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በዚያ ቤት ነው። ትናንት ለዳቦ ሻጯ፣ ከትናንት ወዲያ በአጥር ላይ ለጎረቤቷ ነግራለች፤ ዛሬ ማለዳ ተረኛው ዕቃ ቤቱን ሊከራይ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ወሬው እንደ ሕፃን በየቀኑ እየፋፋ ሄዷል። በመጀመሪያው ሳምንት ባልየው የተናገረው ያችን አንዲት ቃል ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣዋን በመስኮት ወረወረ። አሁን ደግሞ አይጧ አልጋው ላይ በመሃላቸው ትተኛ እንደነበር፣ ሰውየውም አንድ ቀን አውራ ጣቱን ተነክሶ እየጮኸ እንደነቃ ተጨምሮበታል። የቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን እንደጨበጠ በጽሞና ሰማና፣ «የእጁን ነው የእግሩን?» ሲል ጠየቀ። አክስት ይህን አላሰበችበትም ነበር፤ ቢሆንም የጥቅሻ ያህል እንኳ አልዘገየችም።

«የእግሩን ነዋ! እስከ ዛሬ ያነክሳል የሚባለው በምን ሆነና?»

ላይ፣ ጣሪያው ሥር ባለችው ክፍል፣ መርፌ ጫማዋን እያሰረች ይህን ሰማችና ብቻዋን ፈገግ አለች። ደንበኞቿ መርፌ የተባለችው ልብስ ሰፊ ስለሆነች ይመስላቸዋል፤ የቤቱ ሰዎች ግን ስሙ የወጣላት ገና የስፌት መኪና ሳትነካ፣ በምላሷ ምክንያት መሆኑን ያውቃሉ። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ግድ አልነበራትም። ደስ ያላት የሚወራው በታናሽ እህቷ ላይ መሆኑ ነው፤ ካገባች ስንትና ስንት ዓመት ሆኗት፣ አሁን ደግሞ ባሏን ትታ ወይም ተትታ ተመልሳ፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሙሽራዋ» እያለ ይጠራታል። ሙሽራዋ ያገባችው እናታቸው አልጋ ላይ በወደቀች ሰሞን ነበር። ከዚያ እስከ ቀብሩ ድረስ ከእሷ የመጣው ሰላምታ ብቻ ነው፤ ሰላምታ ደግሞ አንሶላ አይቀይርም፣ የታመመ ሰው አያገላብጥም። የቀየረችውም ያገላበጠችውም መርፌ ናት፤ በዚችው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል በነበረው አልጋ ላይ። አልጋው ከወጣ ወዲህ በቦታው ምንም ነገር አላስቀመጠችም። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ በሩ እንዲከፈት ወንበሩ መነሳት አለበት፤ የስፌት መኪናው ከመኝታዋ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሟል፤ መስኮቱ ሥር ግን አንድ ሰው የሚያስተኛ ባዶ ወለል ተጠርጎ ይውላል። ራሷ እንኳ መጋረጃውን ስትከፍት በጎን ተንጠራርታ ነው እንጂ አትረግጠውም።

ከግድግዳው ተጠግቶ የቆመው የሽቦ ቤት የዱቄት ነው። ዱቄት ነጭ አይጥ ናት፤ ዓይኗ ቀይ፣ ጅራቷ እንደ ጫማ ማሰሪያ የረዘመ። ትኖር የነበረው ጨው ከምትባል ሌላ ነጭ አይጥ ጋር ነው፤ ጨው በዝናቡ ወራት ሳምባዋን ታማ ሞተች። ለብዙ ሰው አይጥ ሲባል የሚታየው ወጥመድ ነው። መርፌ ግን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ካገኘቻቸው፣ ገጻቸው ከተገነጠለ መጻሕፍትና ከገዛ ዓይኗ የተማረችው ሌላ ነገር አለ። አይጥ ብቻውን አይሆንለትም። ብቻውን የቀረ አይጥ እየበላ ይከሳል፣ እየተኛ ይደክማል። ዱቄትም ከጨው ወዲያ ፀጉሯ ይቆም ጀምሮ ነበር፤ መሸት ሲል ባዶውን ጥግ እያሸተተች ትዞር ነበር። «ጓደኛ ግዢላት እንጂ» ሲሏት መርፌ መልሷ አንድ ነው፤ «ለእኔስ ማን ገዛልኝ?»

ሙሽራዋ በሩ ላይ የቆመችው ይህ በሆነ ሰሞን ነው፤ ዛሬ ሦስት ሳምንት አልፎታል። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ጥቁር አይጥ ያለባት ትንሽ የሽቦ ቤት ይዛ ነበር፤ የሽቦ ቤቱን ትኩስ ድስት እንዳነሳ ሰው ከራሷ አርቃ ነው የያዘችው። «ይቺን...» ብላ ስትጀምር መርፌ ከደረጃው ላይ አቋረጠቻት።

«ባልሽ አንቺን ሲያባርር አይጥሽን እንኳ ለማስታወሻ አያስቀራትም ነበር?»

ሙሽራዋ አፏ እንደተከፈተ ቆየችና መልሳ ገጠመችው። አክስት አንዴ ሻንጣውን፣ አንዴ አይጧን አየች፤ ወሬው የተወለደው በዚያች ቅጽበት ነው። ሙሽራዋም አላስተባበለችም። ወሬው ጆሮዋ ሲገባ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ታልፋለች፤ የባሰ የሚሸፍነው ነገር ያለው ሰው የተወረወረለትን ልብስ አይመርጥም።

በማግስቱ አክስት እህትማማቾቹን ወጥ ቤት አስቀምጣ በመካከላቸው አንድ ሳህን ሩዝ አቀረበች። በዚች ምድር ላይ አጥብቃ የምታምነው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከአንድ ሳህን የበላ አይጣላም። በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ያስታረቀቻቸውን ባልና ሚስት ለምስክርነት ትጠራለች፤ በሦስተኛው መፋታታቸውን ግን አታነሳም። እህትማማቾቹ ቃል ሳይወጣቸው በሉ። መርፌ ከራሷ በኩል ቆፈረች፣ ሙሽራዋም ከራሷ በኩል፤ ማንኪያቸውን ሲያስቀምጡ በሳህኑ መካከል ማንም ያልነካው የሩዝ ግድግዳ ቆሞ ቀረ። አክስት ሳህኑን አንስታ ግድግዳውን አየችው። «በሉ እንግዲህ፣ ታርቃችኋል» አለችና ለድመት ደፋችው።

ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሽራዋ ዕቃ ቤት ውስጥ በአሮጌ ወንበሮችና በዝገት መካከል እስከ መቼ ትተኛለች? ላይ ያለው ክፍል የእናታቸው ነበር፤ የእናት ከሆነ የሁለቱም ነው። መርፌ በቀጥታ «አልፈልጋትም» ብትል ሰፈሩ አፉን ይከፍትባታል። ስለዚህ በአይጥ አሳበበች። «የእኔ አይጥ እንግዳ አትወድም። አይጦቹ ከተስማሙ ሙሽራዋም ትግባ። ካልተስማሙ ግን ያ ክፍል ለሁለት የሽቦ ቤት አይበቃም፤ ሌላ የምትጠጋበት ትፈልግ።» አክስት እስኪያስላት ሳቀች። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ አይጥ ዳኛ ሆና ስትሾም ግን ገና ዛሬ አየሁ!» ቢሆንም ተስማማች፤ ነገሩ ወሬ ይወጣዋል።

መርፌ የምታውቀውን ሥራ አበላሽታ መሥራት አይሆንላትም፤ እንዲከሽፍ የምትመኘውን ማላመድ ደንቡን ጠብቃ ጀመረችው። በመጀመሪያ መተያየት የለም። ጥቁሯ ታች ከሙሽራዋ ጋር፣ ዱቄት ላይ፤ እንግዳ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ጥቁሯ ማስነጠስም ዓይን ማልቀስም እንደሌላት ሲታወቅ የጨርቅ ልውውጥ ተጀመረ። አይጥ ዘመዱን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው፤ ዱቄት የተኛችበት ቁራጭ ጨርቅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጥቁሯ የተኛችበት ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ እህትማማቾች ጠዋት ጠዋት ደረጃው መሃል ላይ ተገናኝተው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣ የአይጥ ሽንት የሸተተ ጨርቅ ይለዋወጡና ጀርባ ይሰጣጣሉ። ከዚያ ሁለቱ የሽቦ ቤቶች ደረጃው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጣት እንዳይነካከሱ የአንድ መዳፍ ክፍተት በመካከላቸው ተትቶ።

ሙሽራዋ በዚህ ሁሉ የምታደርገው ነገር የመርፌን ደም ያፈላው ነበር። አንድ ቀን አይጧን በጅራቷ አንጠልጥላ ስታነሳ አገኘቻት። «ጅራቷን! አንቺን በፀጉርሽ አንጠልጥሎ የሚያነሳሽ ቢመጣ ደስ ይልሻል?» ሌላ ቀን ደግሞ ሙሽራዋ እያፈረች፣ «ለመሆኑ ምን ምን ነው የሚበሉት?» ብላ ጠየቀች። ከባሏ አስበልጣ የመረጠቻትን አይጥ ምግብ የማታውቅ ሴት! ጥቁሯ ከዱቄት በግማሽ ታንሳለች፤ ጥርሷ ሳይቀር ገና ነጭ ነው፤ የአይጥ ጥርስ ደግሞ በጊዜው ይበልዛል። መርፌ አገላብጣ አየቻትና ፈረደች፤ «ምን በልታ ትደግ፣ ምን በልታ ጥርሷ ይበልዝ?» ስሟንም ጠይቃ ነበር።

«ስም የላትም» አለች ሙሽራዋ። «ገና አልወጣላትም።»

«ያለ ስም ነው ስታኖሪያት የኖርሽው?»

ሙሽራዋ ቀና ብላ አየቻት። አንድ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰ መሰለ፤ ከዚያ ዝቅ ብላ ሰጋቱራውን መጥረግ ቀጠለች። መርፌም ይህን ለአክስት ለመንገር ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። እናቱን ያልጠየቀ ለአይጥ ስም አያወጣም ብላ ጨመረችበት።

ችግሩ አይጦቹ ነበሩ። አይጦቹ የሰውን ቂም አልተከራዩም። ያለፈው ሰኞ መርፌ ከሥራ ስትገባ ዱቄትና ጥቁሯ በሽቦው በየበኩላቸው ጀርባ ለጀርባ፣ ያ የአንድ መዳፍ ክፍተት ብቻ ለይቷቸው ተኝተው አገኘቻቸው። የዱቄት ፀጉር እንደ ጨው ዘመን ተኝቶ ያበራል። መርፌ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አየቻቸው፤ ደስ አላት፣ ወዲያውም በመደሰቷ ተናደደች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ፍራሹን ማታ ያስገባል፤ ዕቃ ቤቱ መለቀቅ አለበት። የሚቀረው የመጨረሻው ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱን ያለ ሽቦ ፊት ለፊት ማገናኘት። መርፌ ለእኩለ ቀን ቀጥራ ወደ ሥራ ሄደች። የምትሠራበት ሱቅ ከሁለት ፎቆች መሃል የተሸጎጠ፣ ካውያው ሲሞቅ መስታወቱ የሚያልበው፣ ደንበኛ ሲበዛ ሠራተኛዋ ቆማ የምትሰፋበት ጠባብ ቤት ነው። ቅዳሜ ደግሞ የተበላሸ ዚፕ ሁሉ ከየጓዳው ይወጣል። አንዲት ሴትዮ ዋጋ ስትሰማ ጃኬቱን መልሳ ከደረቷ አስጠጋችው። «በዚህ ዋጋ እኮ ሌላ ጃኬት ይገዛል!» መርፌ ስፒሉን ከከንፈሯ ሳታወጣ፣ «እንግዲያው ዚፑን ግዢኝና ጃኬቱን እኔ ልመርቅልሽ» አለቻት። ሴትዮዋ ስቃ ከፈለች። እጇ ሥራ ላይ ነው፤ ሐሳቧ ግን የክፍሏን ወለል ይለካ ነበር። ሁለተኛ አልጋ ቢገባ መኪናው በር ጋ መሄድ አለበት፤ መኪናው በር ጋ ከሄደ ብርሃን አያገኝም። ይህን ስታስብ ከተረፈ የኮት ገበር ላይ አራት ማዕዘን ቆርጣ፣ ጫፍ ጫፉን ቀልብሳ ስትሰፋ ራሷን አገኘችው። አይጦች ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎላቸው የሚተኙበት ዓይነት መኝታ ነው፤ ከጨው ሞት ወዲህ ሠርታ አታውቅም። ደግሞም ለአንድ አይጥ ሰፊ ነው። ራሷን በግልምጫ መገላመጥ ቢቻል ኖሮ ያን ጊዜ ትገላምጠው ነበር። ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ወተፈችው።

የምታገናኝበትን ቦታ አስቀድማ መርጣለች፤ ምድር ቤት ያለው የአክስት መታጠቢያ ገንዳ። ግንቡ ለስላሳ ስለሆነ አይወጡትም፤ ሁለቱም ከዚህ ቀደም ረግጠውት ስለማያውቁ «ቤቴ ነው» የምትል የለችም። ጠዋት በኮምጣጤ አጥባ አድርቃዋለች። እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ተመልሳ ወፍራም ፎጣ አጠገቧ አደረገች፤ ከተያያዙ በእጅ መገላገል ጣት ማስበላት ነው። ሙሽራዋን ከገንዳው ጫፍ በግርጌ በኩል አስቀመጠቻት፣ እሷ በራስጌ ተቀመጠች። «እኔ ሳልናገር እንዳትነኪያቸው» አለቻትና ሁለቱን ከሁለት ጫፍ ለቀቁ።

ዱቄት አሸተተች። ፀጉሯ ትንሽ ተነፋ፤ በጎኗ እየተጠጋች ጥቁሯን ወደ ግንቡ ገፋቻት። ጥቁሯ ጮኸች፣ ተገልብጣም ሆዷን ሰጠቻት። ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ተይ፣ ተቀመጪ። ደም ካልወጣ ጠብ አይባልም። ማን ታላቅ እንደሆነች ነው የሚነጋገሩት።»

«እሱማ በዚህ ቤት ቀድሞም ይታወቃል» አለች ሙሽራዋ።

መርፌ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ዱቄት የጥቁሯን አንገት በጥርሷ እየነካካች ታበጥራት ጀመር፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ ኋላ በስልት። ጥቁሯ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለቱ እህትማማቾች በሁለት ጫፍ ተቀምጠው ወደ አንድ ቦታ አዩ፤ ከዓመታት ወዲህ ይህ ሆኖ አያውቅም። መርፌ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ገበር ትዝ አላት። እጇንም ወደ ቦርሳው ሰደደች።

ሙሽራዋ ዓይኗን ከአይጦቹ ሳታነሳ፣ ለስለስ ብላ፣ «አልጋዬን በመስኮቱ በኩል ባደርገው ይረብሽሻል?» አለች።

ለእሷ ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው የጠየቀችው። መስኮቱ ሥር ያለው ለእሷ ባዶ ወለል ነው፤ አታውቅም። እናታቸው ፊቷን ወደዚያ መስኮት አዙራ፣ ከታች በሩ በተንኳኳ ቁጥር፣ «ታናሽሽ ናት?» ትል እንደነበር አታውቅም። አንሶላ የምትቀይረው ልጅ ከኋላዋ ቆማ እያለ ወደ መስኮቱ! መርፌ «አይደለችም እማዬ፣ ወተት ሻጯ ናት» ስትል እናትየው እንደ ጥፋተኛ ታያት ነበር፤ ሙሽራዋን ያስቀረቻት እሷ ይመስል። አሁን ደግሞ ያች የተጠበቀችው መጥታ በዚያው ቦታ እግሯን ዘርግታ ልትተኛ። መርፌ እጇን ከቦርሳዋ ባዶውን አወጣችው።

በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። አክስት ሁለት እጇ ላይ ሳህን ይዛ ገባች፤ የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ ፈርፍራ፣ ወተት አርከፍክፋበታለች። «ተስማሙ አይደል? አላልኳችሁም? በሉ ከአንድ ሳህን ይብሉና ነገሩ ይጠር!»

ሙሽራዋ ወደ መርፌ ዞረች። የምታዘው መርፌ ናት። «ይብሉ እትዬ?» አለቻት። ለመጨረሻ ጊዜ እትዬ ብላ የጠራቻት ገና ሙሽራ ሳትሆን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ነበር።

አይበሉም። መርፌ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ገና ለተገናኙ አይጦች አንድ ሳህን ማቅረብ ጦርነት መለኮስ ነው፤ የሚጣፍጥ ነገር ሲሆን የባሰ፤ ምግብ ቢሰጥ እንኳ ለየብቻ፣ ተራርቆ፣ ተበትኖ ነው። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። መርፌ በዕድሜዋ ቃል አጥሯት አያውቅም፤ አክስት «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» እያለች ስትለምናት ነው የኖረችው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልመናዋ ሰመረላት። መርፌ የገንዳውን ለስላሳ ግንብ እያየች ዝም አለች።

«ዝምታ መስማማት ነው» አለች አክስት፤ ሳህኑንም በመሃላቸው አስቀመጠችው።

ጥቁሯ ናት የቀደመችው። ልጅ ናትና ማን ይቅደም የሚለውን አላወቀችም፤ ሁለት እጇን ሳህኑ ላይ አሳረፈች። ዱቄት እንደ ኳስ ተነፋች። ከዚያ የሆነውን ማንም በቅጡ አላየውም፤ ነጭና ጥቁር አንድ ሆኖ ተንከባለለ፣ ሳህኑ ተገለበጠ፣ የሕፃን የሚመስል ጩኸት ገንዳውን ሞላው። መርፌ ፎጣውን ወርውራ ዱቄትን ጠቅልላ አነሳች። የዱቄት ጆሮ ጫፉ ተቀዷል። ጥቁሯ ግን ጉሮሮዋ ላይ ነበር የተያዘችው። ሙሽራዋ እጇን ሰድዳ አነሳቻት፤ በጅራቷ ሳይሆን፣ መርፌ እንዳስተማረቻት፣ ከሥር ደግፋ። በአንገት ልብሷ ጠቅልላ ከደረቷ አስጠጋቻት። ትንሽ ጊዜ የአንገት ልብሱ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ቆመ።

«ቅናት ነው!» አለች አክስት በሩን ተደግፋ። «እንዲህ ያለ ቅናት በአይጥም አለ እንዴ? እኔ እኮ ለደጉ ብዬ ነው...» ወዲያውም ድምፅዋ ተለወጠ፤ መርፌ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ወሬ መልክ ሲያወጣ የሚሰማው ድምፅ ነው።

ሙሽራዋ አላለቀሰችም። «ታውቂ ነበር» አለች።

«አንቺ የገዛ አይጥሽን ሳታውቂ እኔ ልወቅልሽ?»

«የገዛ አይጤን...» አለች ሙሽራዋ። ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ። አንድ እርምጃ ወደ መርፌ ቀረበች፤ የምትናገር መሰለ። ግን በመርፌ ፊት ላይ ያየችው ነገር መናገርን የሚያስመኝ አልነበረም። ዞረችና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች።

ሻንጣዋን ለመሙላት ብዙ አልፈጀባትም፤ አውጥታ የሰቀለችው ነገር አልነበረምና። የቧንቧ ሠራተኛው ፍራሹን ተሸክሞ ሲገባ እሷ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ተላለፉ። ሰውየው ፍራሹን አስደግፎ ሻንጣዋን እስከ በሩ አደረሰላት፤ እግረ መንገዱንም አንገቱን አስግጎ፣ ባሏ የሚያነክሰው በየትኛው እግሩ እንደሆነ ጠየቃት። ሙሽራዋ፣ «አክስቴን ይጠይቋት፣ እሷ ታውቃለች» አለችው። አክስት «ወዴት ትሄጃለሽ? ዛሬን እንኳ ከእኔ ጋር እደሪ» ብላ ክንዷን ያዘቻት፤ እጇን በቀስታ አላቀቀች። መርፌ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፤ ያን ዕለት በቆመችበት ቦታ። ሙሽራዋ በአንድ እጇ ሻንጣዋን፣ በሌላው የተጠቀለለውን የአንገት ልብስ ይዛለች። ባዶው የሽቦ ቤት ከደረጃው ግርጌ ቀርቷል።

«የሽቦ ቤትሽን ረስተሻል» አለች መርፌ።

«ያንቺ ነው፣ እትዬ። ድሮም ያንቺ ነው።»

«የሙት ዕቃ አልፈልግም። አይጧንም ተሸክመሽ ከምትዞሪ፣ የቆሻሻ ገንዳው ጥግ ላይ ነው።»

ሙሽራዋ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት በር እንደሚዘጋ።

መርፌ ወደ ክፍሏ ወጣች። ወንበሩን አነሳች፣ በሩን ከፈተች፣ ወንበሩን መለሰች። ያሰበችው ሆነ፤ ወለሉ እንደተጠረገ ነው፣ መኪናው ብርሃን አለው። ዱቄት ጥግ ይዛ ፀጉሯን አቁማለች፤ ዳቦ ብትሰጣት አልተቀበለችም፣ ከጆሮዋ የወጣው ደም አንገቷ ላይ ደርቋል። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ዱቄት መድኃኒት ያስፈልጋል። ለዱቄት ዱቄት አለች በሆዷ፤ ቀልዱ ግን ሌላ የሚስቅለት ሰው ስለሌለ እዚያው ቀረ።

መድኃኒቱ የሚገኘው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው የእንስሳት ሱቅ ነው። መርፌ ጨው ስትታመም መጥታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ሱቁ ውስጥ ወፎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይንጫጫሉ፣ የዓሣው ውሃ ይንቦጫቦጫል፣ ዋጋ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ በላዩ ሌላ ዋጋ ተለጥፎበታል። ባለሱቁን ሰፈሩ ወፎ ይለዋል፤ ከወፎቹ ጋር ሲጮህ ስለኖረ ከሰውም ጋር የሚያወራው በጩኸት ነው።

«የጨው እናት! እንዴት ነሽ?» አለ ገና ስትገባ። ጥያቄዋን ሰምቶ ከመደርደሪያው የመድኃኒቱን ብልቃጥ አወረደ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። «ጆሮዋን ነው? ተዪው፣ ሲላመዱ እንዲህ መቧጨር ያለ ነው። ትንሿ ደህና ናት ታዲያ?»

«የቷ ትንሽ?»

«ጥቁሯ ናታ! እህትሽ የወሰደችልሽ።» ብልቃጡን በወረቀት እየጠቀለለ ሳቀ። «ከአውቶቡስ ከነሻንጣዋ ወርዳ ነው ቀጥታ እዚህ የገባችው። ‹አክስታችን በስልክ ነገረችኝ፣ የእህቴ አይጥ ጓደኛዋ ሞታባታለች፣ ብቻዋን የቀረች ደግሞ አትበረክትም ይባላል› አለችኝ። አየሽ፣ በሕይወቷ አይጥ ነክታ አታውቅም! የሽቦ ቤቱን ስሰጣት ከራሷ አርቃ ስትይዘው ብታዪ። ‹ከፈራሻት ለምን ትገዢያታለሽ?› ብላት፣ ‹የምፈራውስ እህቴን ነው፤ ባዶ እጄን ብሄድ በሩን አትከፍትልኝም› ብላ አሳቀችኝ።»

መርፌ ብልቃጡን ተቀበለች። ከኋላዋ አንድ ወፍ ሽቦውን በመንቁሩ ይመታ ነበር።

«ለመሆኑ ማን ብለሽ አወጣሽላት?» አለ ወፎ መልስ እየቆጠረ። «እኔ እዚህ እያለች ‹ከሰል› ልላት ስል እህትሽ ከልክላኝ ነበር። ‹አደራ፣ ስም እንዳታለምዳት፤ ስሟን የምታወጣላት እህቴ ናት› ብላ።»